ስልኩ በስሜ ነው፤ የሚስቴን ወሬ መቅዳት አልችልም?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው። ሰሞኑን ነገረ ሥራዋ አላምርህ ብሎኛል። እኔ ሥራ ስገባ ጠብቃ በቤት ስልክ ከአንድ ሰው ጋር ለረጅም ሰዓት ታወራለች። ስለዚህ ስልኩ ላይ መቅጃ ገጠምኩና ሦስት ሳምንት ቀዳሁ። አሁን ሽማግሌዎች ፊት ላሰማው ነው፤ ካልሆነም ለፍቺው ፍርድ ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ «ስልኩ በስምህ፣ ሂሳቡን የምትከፍለው አንተ፣ ማን ይናገርሃል?» ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም ወንድሜ። (እርስዎ ልበልህ ወይስ አንተ? ከአጻጻፍህ ወጣት መስለኸኛል፣ በአንተ ልቀጥል።)

ሕጉ ስልኩ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ወሬው ውስጥ ነበርክ ወይ?» ብሎ ነው። አንተ ደግሞ ሥራ ላይ ነበርክ። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቢያንስ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ፈቅዶ እንዲቀዳ ይላል፤ አንዳቸውም ሳያውቁ ሦስተኛ ሰው ከቀዳ ግን ስልክ ጠለፋ ነው፣ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። እሱ ብቻ አይደለም። ሚስትህም፣ በወዲያ በኩል ሲያወራ የነበረው ሰውም (እህቷ ብትሆንስ?) በፍትሐ ብሔር ሊከሱህ ይችላሉ፤ ጉዳታቸውን በገንዘብ ማሳየት ባይችሉ እንኳ ሕጉ ራሱ 10,000 ዶላር፣ ወይም በቀን 100 ዶላር እየታሰበ ከዚያ ከበለጠ የበለጠውን፣ ያስቀምጥላቸዋል።

«ባልና ሚስት እኮ አንድ ናቸው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይህን ክርክር አሜሪካኖቹም ሞክረውታል። በ1974 የደቡብ ግዛቶችን የሚያየው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተቀብሎት ነበር። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያየው ግን በ1984 አይሆንም ብሏል።

የሜሪላንድ ሕግ ደግሞ ከፌዴራሉም የጠበቀ ነው። እዚህ ወሬው ውስጥ ብትሆንም እንኳ ሁሉም ተነጋጋሪ ካልፈቀደ መቅዳት አትችልም፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስር ወይም እስከ 10,000 ዶላር፣ ወይም ሁለቱም ነው። የክሊንተንና የሞኒካ ሌዊንስኪ ጉድ የወጣበትን ቴፕ ታስታውሳለህ? የሞኒካ ጓደኛ የነበረችው ሊንዳ ትሪፕ የቀዳችው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኮሎምቢያ ከሚገኘው ቤቷ ነው፣ ካንተ ብዙም አይርቅም። የቀዳችው ራሷ ከሞኒካ ጋር ያወራችውን የስልክ ወሬ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በ1999 ሜሪላንድ ከሰሰቻት። ክሱ በ2000 የተነሳው ዳኛዋ ዋናውን ምስክርነት ውድቅ ስላደረጉት እንጂ መቅዳቷ ልክ ነው ስለተባለ አይደለም።

ጓደኛህ የተሳሳተው ግማሹን ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ የአንድ ሰው ፈቃድ ይበቃል፤ እሱ ከራሱ ሚስት ጋር የሚያወራውን ሊቀዳ ይችላል። እሷ ከሌላ ሰው ጋር የምታወራውን ግን እዚያም አይችልም። ደግሞ እኮ፣ በሕጋዊ መንገድ የቀዳውም ቢሆን ለፍቺ አይጠቅመውም። የቨርጂኒያ ሕግ የፍቺ ክርክር ላይ ተነጋጋሪዎቹ ሁሉ እየተቀዳ መሆኑን ካላወቁ በስተቀር የስልክ ቅጂ በማስረጃነት አይቀበልም።

የሽማግሌዎቹን ነገር በተለይ እርሳው። ተጠልፎ የተቀዳን ወሬ እያወቁ ለሌላ ማሰማት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ሊያስታርቁ የመጡ ሰዎችን ምስክር ታደርጋቸዋለህ። በቴሌግራም ለወንድምህ መላክም ያው ነው። ቅጂውን በድንጋጤ እንዳታጠፋውም፣ እሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። እንዳለ አስቀምጠውና ጠበቃ ጋ ሂድ፤ ለጠበቃ የምትናገረው በሚስጥር ይያዝልሃል፣ ለጓደኛህ የነገርከው ግን አይያዝልህም።

በነገራችን ላይ በስልክ የሚያስፈራራ ሰው አለብን ብላችሁ የጻፋችሁልን እህቶች፣ ሜሪላንድ ያላችሁ በድብቅ አትቅዱ። የተወላችሁን የድምፅ መልእክትና ቴክስት አስቀምጡ። ስልክ ካነሳችሁም መጀመሪያ «እየቀዳሁ ነው» በሉት፤ ሰምቶ ከቀጠለ እንደፈቀደ ሊቆጠር ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ይዘጋዋል፣ እሱም አንድ ነገር ነው።

ወንድሜ፣ መቅጃውን ግን ዛሬውኑ ንቀለው።