መልስ፦ ለ6 ዓመት ልጅ ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ይሰጣል ወይ?
አዎ እህቴ፣ ስጪው። ሐኪሙ በቁንጫ የሚተላለፈውን ታይፈስ የተባለ የትኩሳት በሽታ ጠርጥሮ ለልጅሽ ካዘዘለት፣ «ጥርስ ያበላሻል» ያሉሽን ፈርተሽ አታቆዪው። ያ ስጋት የመጣው ቴትራሳይክሊን ከተባለው የድሮ ተመሳሳይ መድኃኒት ነው። ለዚህ በሽታ በማንኛውም ዕድሜ የሚመረጠው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ የልጆችን ጥርስ ሲያበልዝ አልታየም።

መድኃኒቱን ለመጀመር የደም ምርመራውን ውጤትም አትጠብቂ። በመጀመሪያው ሳምንት ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል። ሽፍታ የለውም ብለሽም አትዘናጊ፤ ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ከጀመረ ከቀናት በኋላ ነው ሆድና ደረት ላይ የሚወጣው። ጭራሽ የማይወጣባቸውም ልጆች አሉ።

ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ስጪው። ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ይበርዳል፤ በረደ ብለሽ ግን አታቋርጪ። መድኃኒቱን ካስመለሰው ሐኪሙ ጋ ደውዪ። ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ወይም መተንፈስ ከከበደው ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

አንድ ነገር ከልምዴ ልንገርሽ። እዚህ ሎስ አንጀለስ ቁንጫውን ወደ ግቢ የሚያመጡት አይጥ፣ የጎዳና ድመትና ኦፖሰም (ድመት የሚያህል የዱር እንስሳ) ናቸው። ለድመቷ በረንዳ ላይ የምትተዪው ምግብ ማታ ኦፖሰሙንም ይጠራል፤ ሳህኑን ሳይመሽ አንሺ። ለድመቷም የድመት የቁንጫ መድኃኒት አድርጊላት፤ የውሻው ሊገድላት ይችላል።