መልስ፦ የማታ ተማሪዎቼ ዝም ይሉብኛል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወንድሜ። ኮሌጅ ውስጥ የማታ አካውንቲንግ ማስተማር እንደጀመርክና ተማሪዎችህ ከሥራ ደክመው መጥተው ዝም እንደሚሉብህ ጽፈሃል። እባክህ ዝምታቸውን እንደ ስንፍና አትየው። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በሚያክሉ ተማሪዎች ፊት መሳሳት ያሳፍራቸዋል።

ሌክቸሩን አሳጥረህ ቶሎ ወደ ሥራ ግባ። ለምሳሌ ተጨማሪ እሴት ታክስን ስታስተምር፣ ትርጉሙን ከማስጻፍህ በፊት ደረሰኝ አሳያቸው። ከነታክሱ 1,150 ብር የተከፈለበት ይሁን። «ታክሱ ስንት ነው?» በላቸው። ብዙ ሰው የ1,150ን 15 በመቶ ያወጣና 172.50 ይልሃል። ቶሎ አታርመው። ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከርበት። ታክሱ በዋናው ዋጋ ላይ የሚጨመር 15 በመቶ ስለሆነ፣ 1,150ን ለ1.15 ሲያካፍሉ ዋናው ዋጋ 1,000፣ ታክሱ 150 ብር እንደሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል። ከመካከላቸው ሱቅ ያላት ወይም ካሸር የሆነ አይጠፋም። ለሌሎቹ እነሱ ያስረዱ፤ ክፍሉ ሲነቃ ታየዋለህ።

ሁልጊዜ ክፍል እንደገባህ፣ ደብተር ሳይገልጡ ካለፈው ትምህርት ሁለት ሦስት ጥያቄ አሠራቸው። ነጥብ ግን አትያዝበት። ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ መሥሪያ ሶፍትዌርም በፕሮጀክተር እያሳየህ ብቻ አትለፍ። ማውሱን እነሱ ይያዙት፤ በሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተናው (ሲኦሲ) ላይ የተግባር ምዘና ይጠብቃቸዋል።

ያረፈደውን ደግሞ በሰው ፊት አትቆጣ። ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ተሰልፎ የመጣ ሰው ነው። እረፍት ላይ ለብቻው ጠርተህ ያመለጠውን አሳየው።