ጥቁር ሁሉ ባዛልት አይደለም

እህቴ፣ ፒያሳ ላለው ግቢያችሁ ንጣፍ ልትገዢ እንደሆነ፣ ሻጩ «ንጹህ ባዛልት ነው» እንዳለሽና በምን እንደምትለዪው ጠይቀሻል። አራት ኪሎ ጂኦሎጂ ተምሬ ብዙ ዓመት ሳይት ላይ ስለዋልኩ ትንሽ ላስረዝምብሽ።

መጀመሪያ የላይኛውን ቀለም እርሺው። ውሃ ከተርከፈከፈበት የማይጠቁር ድንጋይ የለም። ጠራቢው አንዱን ለሁለት ይስበርልሽ፣ አዲሱን ፊት ፀሐይ ላይ እያዞርሽ እዪው። ባዛልት ከሆነ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ቅንጣቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ላቫው መሬት ላይ ፈሶ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ ለማደግ ጊዜ አያገኙም። ያው ቅልጥ አለት መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ጋብሮ ይሆናል፤ የጋብሮ ቅንጣት ደግሞ አንድ በአንድ ይታያል። መሃል መሃሉ ላይ አረንጓዴ ፍንጣሪ ብታዪ አትደንግጪ፣ ኦሊቪን የሚባል ማዕድን ነው።

ደቃቅነት ብቻውን ግን አይበቃም። እንጦጦ ላይ ያለው ትራካይት የሚባል ሌላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ደቃቅ ነው። ባዛልት ግን ሲሊካው (ሲሊከንና ኦክስጅን የተዋሃዱበት ነገር) ከትራካይት ዝቅ ያለ ነው፣ ከ45 እስከ 52 በመቶ። ብረትና ማግኒዚየሙ ስለሚበዛ ይጠቁራል፣ ይከብዳልም።

ክብደቱ ደግሞ አይዋሽም። የኩሽና ሚዛን ይዘሽ ሂጂ (ይስቁብሽ ይሆናል፣ ይሳቁ)። በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ኮብልስቶን ጥሩ ባዛልት ከሆነ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። 2 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ወይ ውስጡ በጋዝ አረፋ የተቦረቦረ ነው፣ ወይ ሌላ ድንጋይ ነው። ቀዳዳ ያለው ለአጥር ይሆናል፤ ለንጣፍ ግን ጭቃ ይይዝብሻል።

አንዴ እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ፣ ያውም ተምሬ! ካዛንቺስ ለአንድ ግቢ ሰኔ ላይ አንድ ሲኖ ሙሉ አስራገፍኩ። ጠርዙ ቡናማ ነበር፤ ቸኩዬ አለፍኩት። መስከረም ላይ ድንጋዩ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። ባዛልትነቱ እውነት ነው፣ ግን የበሰበሰ ባዛልት ነበር። በውሃ ብዛት ማዕድኑ ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣል። ቤት ሲሠራ የሚያስለቅሰን ጥቁር ዋልካም አብዛኛው እንዲህ ነው የተፈጠረው። ሻጩ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ!

ከዚያ ወዲህ መዶሻ ሳልይዝ ድንጋይ አልገዛም። ጤነኛው ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድም ይላል። በቢላ ጫፍም ሞክሪው። በጤነኛው ላይ የሚቀረው የቢላው ብረት ጭረት ነው፣ ድንጋዩ አይጫርም።

ሌላው፣ በሚያብረቀርቀው እንዳትታለዪ። ክረምት ላይ ያንሸራትታል፣ እናትሽም እዚያው ናቸው ብለሻል። ሻካራውን አስጠርቢ።

የተሰበረውን ፊት ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጪ።