ልጄ ያመጣችልኝን የፈረንሳይ ወይን መቼ ልክፈተው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በፈረንሳይ ቀይ ወይን ላይ ናቸው። ሦስቱ ደግሞ ቦርዶ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን አካባቢ ያለ የአንድ ጠማቂ ቤት ወይን የሚመለከቱ ናቸው፤ የሻቶ ሌኦቪል ባርቶን። በጣም የምወደው ቤት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከፓሪስ ስትመጣ የ2016 ሌኦቪል ባርቶን ይዛልኝ መጣች። «አባዬ፣ የቤተሰብ ወይን ነው፤ ዝም ብለህ እንዳትከፍተው» አለችኝ። የቤተሰብ ሲባል ምን ማለት ነው? እስከ መቼስ ላስቀምጠው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጅዎ እውነቷን ነው፤ አይቸኩሉ። 2016 ለቦርዶ በጣም ጥሩ ዓመት ነበር። እንዲህ ያለው ወይን ከተለቀመ በኋላ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈልጋል። አቀማመጡ ጥሩ ከሆነ 30 ዓመትም ይዘልቃል።

ምክንያቱ ፍሬው ነው። ከእርሻው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ካበርኔ ሶቪኞን የሚባል የወይን ዝርያ ነው፤ የቀረው ሜርሎና ጥቂት ካበርኔ ፍራን። ካበርኔ ሶቪኞን ቆዳው ወፍራም፣ ፍሬው ትንሽ ነው። ከቆዳው ታኒን የሚባል ነገር ይወጣል። ያልበሰለ ሙዝ ሲበሉ ምላስ የሚይዘው ዓይነት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ይለዝባል። እኔ አንዴ የዚህን ቤት ወይን ገና በ6 ዓመቱ ከፍቼ፣ የመጀመሪያው ጉንጭ ድዴን ሁሉ ጭምድድ አደረገው። የቀረውን ግማሽ ወይን ቡሹን መልሼበት አሳደርኩት። በማግስቱ ማታ ስቀምሰው ሌላ ወይን ሆኖ ጠበቀኝ፤ መጀመሪያ የዝግባ እንጨት ጠረን፣ ከዚያ የጥቁር ፍሬ ጣዕም። አየር ያገኘበት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። 15 ዓመት ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

ወደ ቤተሰቡ እንምጣ። ባርቶኖች መነሻቸው አየርላንድ ነው። ቶማስ ባርቶን በ1720ዎቹ ቦርዶ ገብቶ ወይን መነገድ ጀመረ። የልጅ ልጁ ህዩ ባርቶን በ1821 ላንጎዋ የሚባለውን ርስት ገዛ፤ በ1826 ደግሞ የሌኦቪልን አንድ ክፍል። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ አያውቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ቦርዶን ሲይዙ የቤቱ ባለቤት ሮናልድ ባርቶን ሸሸ። የንግድ ሸሪኩ ግን «ሰውዬው አየርላንዳዊ ነው፣ አገሩም ገለልተኛ ናት» ብሎ ተከራከረላቸውና ርስቱ ሳይወረስ ቀረ። ሮናልድ በ1983 ለወንድሙ ልጅ ለአንቶኒ ባርቶን አስረከበ። አንቶኒ ጎረቤቶቹ ዋጋ ሲሰቅሉ እሱ መጠነኛ ዋጋ በማስከፈል የታወቀ ሰው ነበር። በ2022 ዐረፈ። ዛሬ ሥራውን የያዙት ልጁ ሊልያንና የእሷ ልጆች ናቸው። የቤተሰብ የሚባለው ይኼ ነው። የወይን ተክል ዛሬ ተተክሎ ምርጥ ፍሬውን የሚሰጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የሚተክለው ሰው ለልጅ ልጁ ነው የሚተክለው።

ጥያቄ፦ ሻጩ ሌኦቪል ባርቶን «ሁለተኛ ደረጃ» ነው አለኝ። ታዲያ ለምን ይወደዳል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቃሉ አሳስቶሻል። በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ደላሎች ምርጥ የሚባሉትን ቤቶች በዋጋቸው መሠረት በአምስት ደረጃ ከፋፈሏቸው። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ራሱ ትልቅ ክብር ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ከፍ የተደረገለት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ሙቶን፣ በ1973። ሌኦቪል ድሮ አንድ ሰፊ ርስት ነበር፤ ኋላ ለሦስት ተከፈለ። ሦስቱም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ናቸው። የባርቶን ድርሻ የራሱ ቤት ስለሌለው ወይኑ የሚጠመቀው ላንጎዋ ውስጥ ነው። በጠርሙሱ ላይ የምታዪውም ቤት የላንጎዋ ነው።

ጥያቄ፦ የ1996 ሌኦቪል ባርቶን ጠርሙስ ከታች ጥቁር ነገር አለው። ተበላሽቷል? (ከለንደን)

መልስ፦ አልተበላሸም። አተላ ነው። ጠላም ሲጠል አተላው ከታች ይቀራል አይደል? ጠርሙሱን ለአንድ ቀን ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ሲከፍቱ ሳይነቀንቁ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ በቀስታ ያንቆርቁሩ። ከጠርሙሱ አንገት በታች ሻማ ወይም የስልክ መብራት ይያዙ። ጥቁሩ ክር አንገቱ ጋ ብቅ ሲል ያቁሙ። ቡሹ አርጅቶ ሊሰበር ስለሚችል መክፈቻውን በርጋታ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለው ወይን በዶሮ ወጥ ይጠጣል?

መልስ፦ ይኼኛው አይሆንም። በርበሬ ታኒኑን ያጎላዋል፤ ወይኑ መራራ ይሆናል፣ ወጡም ይከርራል። የበግ ጥብስ ሚጥሚጣ ሳይበዛበት ነው የሚያምርበት። የላንጎዋ አካባቢ ሰዎችም፣ አጠገባቸው ያለው ፖያክ የሚባል ከተማ በበጉ የታወቀ ስለሆነ፣ ከበግ ጋር ነው የሚጠጡት።

ጥያቄ፦ ከፍሪጁ አናት ላይ ማስቀመጥ እችላለሁ?

መልስ፦ በፍጹም። እዚያ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣልም። ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለና ሙቀቱ የማይለዋወጥ ቦታ ላይ አጋድመው ያስቀምጡት፤ ቡሹ እንዳይደርቅ።

ጥያቄ፦ የዝዋዩ ወይን ከዚህ ጋር ዝምድና አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ በፍሬው አዎ። ዝዋይ ላይ እርሻውን የተከለው ካስቴል የቦርዶ ኩባንያ ነው፤ ካበርኔ ሶቪኞንና ሜርሎም ተክሏል። የመጀመሪያው ወይን ገበያ የወጣው በ2014 ነው። ግን በለጋነቱ ለመጠጣት የተሠራ ነው፤ አያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ልጃችን የተወለደው በ2019 ነው። ለሠርጉ የሚሆን ጠርሙስ ልናስቀምጥለት አሰብን። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ 2019ም ጥሩ ዓመት ነው። አቅም ከፈቀደ ግን አንድ ሳይሆን ሦስት ግዙ። አንዱን እናንተው በ2034 ገደማ ክፈቱት። የቀሩት ሁለቱ ስንት ዓመት እንደሚችሉ ያ የከፈታችሁት ጠርሙስ ይነግራችኋል።