ለጤና ተማሪዎች፦ ጥናታችሁ ከታካሚው ይጀምር

ውድ ልጆቼ፣

የመመረቂያ ጊዜ ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። ነርሱም፣ ፋርማሲስቱም፣ የላብራቶሪ ተማሪውም፣ የማስተርስ ተማሪውም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እባክዎ አንድ ርዕስ ይስጡኝ።» ሰው የማያምነውን አይጠይቅምና ደስ ይለኛል። ግን ርዕስ አልሰጥም። መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ሰሞኑን ካየሃቸው ታካሚዎች መካከል ከሀሳብህ አልወጣ ያለህ ማን ነው?»

አብዛኛው ዝም ይላል። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ርዕስ ይነግረኛል። የአንድ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ በአንድ ከተማ። አምና ሌላ ተማሪ ጎረቤት ከተማ ላይ ሰርቶታል። መጠይቁም ከዚያው የተቀዳ ነው። ውጤቱም ከወዲሁ ይታወቃል፤ ያልተማረው፣ ገቢው ያነሰው፣ ከጤና ጣቢያ የራቀው ሰው ይበልጥ ይታመማል። ይሄን ለመስማት ስንት መቶ ሰው ከስራው አስቀምጦ መጠየቅ ያሳዝነኛል።

ችግሩ የተማሪው ስንፍና አይመስለኝም። ጥናትና ህክምና ሁለት የተለያዩ ስራዎች ናቸው ብለን ስላስተማርናችሁ ነው። ዋርድ ያለው ባለሙያ «ጥናት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጉዳይ ነው» ይላል። ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ ታካሚን የሚያውቀው በመጠይቅ ነው። እኔ ግን ስራው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ሀኪም ታካሚውን በደንብ ያያል፣ ያየውን በትክክል ይጽፋል፣ ያልገባውን ይጠይቃል። ተመራማሪውስ ሌላ ምን ያደርጋል?

ዝሆኔን እናንሳ። በወላይታ፣ በጎጃም፣ በወለጋ ያደገ ሰው በደንብ ያውቀዋል። እግር ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። በየጊዜው ይነሳና እግሩ እንደ እሳት ይግላል፤ ታካሚው በትኩሳት ቀናት ሙሉ ይተኛል። ሰዉ «እርግማን ነው»፣ «የሞተ እንስሳ ረግጦ ነው»፣ «ዘራቸው ነው» ይል ነበር። ዛሬም የሚል አለ። የቤቱ ልጆች ለጋብቻ አይፈለጉም። ብዙዎቹ ከለቅሶና ከሰርግ ይቀራሉ። ጤና ተቋም ሲሄዱም «ይሄ መድኃኒት የለውም» ተብለው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሀኪም ይሄን በሽታ ሊያጠና ተነሳ። በሌላው አለም እንዲህ ያለ እብጠት የሚመጣው በአብዛኛው ትንኝ በምታስተላልፈው ጥገኛ ትል ነው። የእኛ ደገኞች ደም ሲመረመር ግን ትሉ አልተገኘም። ፕራይስ ታካሚ እስኪመጣለት ሆስፒታል አልጠበቀም። በገበያ ቀን ገበያ ወጣ። ሰዉ ሲያልፍ እግር እያየ ቆጠረ። ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው እየሄደ የትኛው አካባቢ እንደሚበዛ መዘገበ። ከዚያ መዝገቡን ከአፈሩ ጋር አስተያየው። በሽታው የበዛው ዝናብ በሚበዛበት ከፍታ ላይ፣ ከድሮ እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሰራ ቀይ አፈር ባለበት ነበር። የታካሚዎች ንፍፊት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ሲሊከንና አልሙኒየም ያላቸው በጣም ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች ተገኙበት። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚመልሰውን የሊምፍ ቧንቧ ያስቆጣሉ፤ ቧንቧው እየጠበበ ይዘጋል። በሽታው ዛሬ በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። መከላከያው ጫማ ነው። ጫማ!

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። ይሄ ሁሉ ግኝት ውድ መሳሪያ ከመምጣቱ በፊት የሰውን እግር በትዕግስት ከማየት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው፣ በተለይም የሀገራችን ልጆች፣ ስራውን ቀጠሉበት። እ.ኤ.አ. በ2006 በወላይታ የታተመ ጥናት አንድ ታካሚ በአመት ካለው የስራ ቀን 45 በመቶውን ያህል እንደሚያጣ አሳየ። ታካሚው ይሄን ድሮም ያውቀዋል። ለበጀት መዳቢው ግን አዲስ ነገር ነበር። በ2011 የአለም ጤና ድርጅት በሽታውን ትኩረት ከተነፈጉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር ቆጠረው። በ2013 በሀገር አቀፍ ደረጃ በ1,315 አካባቢዎች ጥናት ተካሄደ፤ ከ129,000 በላይ ሰው ታየ። ካርታው ወጣ።

ከሁሉም ይበልጥ የማከብረውን ልንገራችሁ። ሰዉ «ዘር ነው» ሲል ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆነ አሳይቷል። ግን አጥኚዎቹ ደም ለመውሰድ አልተጣደፉም። በቅድሚያ ወላይታ ሄደው ሰዉን ስለራሱ ስለ ፈቃድ አጠያየቁ ጠየቁት። ማን ቢጠይቃችሁ ይሻላል? በምን ቋንቋ? ምን ያስፈራችኋል? ያገኙት መልስ ከባድ ነበር። ጥናቱ «በዘር ነው» የሚለውን ወሬ አጠንክሮ መገለሉን እንዳያባብሰው ሰዎች ሰግተዋል። እናም አጠያየቁ ይሄንን ስጋት ይዞ ተሰራ። ለእኔ ህክምና ማለት ይሄም ጭምር ነው። ገና ደም ሳይቀዳ ለሰው ክብር መጠንቀቅ።

ቀጥሎ ቀላል የሚመስለው ጥያቄ መጣ። እግርን በሳሙና አጥቦ፣ ቆዳውን ቀብቶ፣ በፋሻ አስሮ፣ እያንቀሳቀሱ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ በእርግጥ ምን ያህል ይረዳል? በምስራቅ ጎጃም 696 ታካሚዎች በእጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ። ሌሎቹ ጥናቱ ሲያበቃ፣ ከአንድ አመት በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ውጤቱ በ2018 ታተመ። የህመሙ መነሳት እንክብካቤውን ገና ባልጀመሩት ላይ በአንድ ሰው በአመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲሆን፣ እንክብካቤ ባገኙት ላይ 19.4 ሆነ። «ይሄ ብቻ?» የሚል ተማሪ ገጥሞኛል። በአመት አራት ጊዜ ያህል ከመተኛት መዳን ምን እንደሆነ በእርሻ ወቅት የታመመ ገበሬ ይንገራችሁ። ደግሞም አጥኚዎቹ ያገኙትን ቁጥር ሳያጋንኑ እንዳለ አቀረቡ። ሳሙናና ጫማ በሽታውን ድራሹን አያጠፉትም፤ ግን ያቀሉታል። ይሄ ለታካሚው በሀቀኝነት ሊነገር የሚችል ቃል ነው።

የሀገራችንን ተመራማሪ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማን ደግሞ ሳታነሱ አትለፉ። በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ብልሃርዝያ የተባለው የጥገኛ ትል በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። የሰው እጅ የሚሰራውን ስላየ እንዶድ የምርምር ጉዳይ ሆነ፤ በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን አለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

«እኔ የወረዳ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ ምን አቅም አለኝ?» ለምትሉ አንድ የማውቃትን ሲስተር ላንሳላችሁ። የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ነበረች። መዝገቡ ላይ «ክትትል አቋርጧል» የሚለው ቃል በዛባት። ሌላው ሰው «ህዝቡ ግንዛቤ የለውም» ብሎ ያልፋል። እሷ ስልክ አንስታ ደወለች። የማይነሳውን በጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ በኩል አፈላለገች። አንዳንዶቹ ሞተዋል። አንዳንዶቹ ለአዝመራ ሄደው እዚያው ባለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት እየወሰዱ ነው። የአንዳንዱ ስም በሌላ ፊደል ተጽፎ ሁለት ካርድ ወጥቶለታል። በእርግጥ ያቋረጡም አሉ፤ አብዛኞቹ ትራንስፖርት አጥተው። ከዚያ ምን አደረገች? አዲስ ታካሚ ሲመዘገብ የጎረቤት ስልክና የአዝመራ ጊዜ የሚሄድበትን ቦታ አብሮ መጻፍ ጀመረች። በፊትና በኋላ ያለውን ቆጠረች። ይሄ ጥናት ነው። ያለ ማንም ስፖንሰር የተሰራ፣ ደግሞም በማግስቱ ታካሚ የጠቀመ።

ስለዚህ ካርድ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ሌሊት ተረኛ ሆኖ፣ አስታማሚ እየተጣደፈ፣ በደንብ መጻፍ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያልተጻፈ ነገር ለሚቀጥለው ሀኪም የለም። ከአመታት በኋላ ካርድ አገላብጦ ለሚያጠናውም የለም። «ታካሚው እምቢ አለ» ብሎ ማለፍና «መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ስለሌለ፣ ውጭ ለመግዛት ገንዘብ አጥቶ» ብሎ መጻፍ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። የመጀመሪያው ታካሚውን ይከሳል። ሁለተኛው መፍትሄው የት እንዳለ ያሳያል።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። የውሸት መረጃ። በአንድ ወረዳ ጥናት ስንሰራ የአንድ መረጃ ሰብሳቢ መጠይቆች ከሁሉም ንጹህ ሆነው መጡ። ስርዝ ድልዝ የለም። «አላውቅም» ያለ ሰው የለም። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ በዚያ ሰዓት ቤቱ የሚገኝ ሰው ጥቂት ነው። እሱ ግን «ሰው አልተገኘም» ብሎ የመዘገበው አንድም ቤት አልነበረም። በማግስቱ ጥቂት ቤቶችን ደግመን አንኳኳን። ያየው ሰው የለም። ወረቀቱን በሙሉ ጥለን ሌላ ሰው ላክን። ልጁ ክፉ አልነበረም። ክፍያው በመጠይቅ ብዛት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዝናብ ነው። ክፍያውን እንዲህ የሚያደርግ ሰውም ተጠያቂ ነው። ግን ያ ወረቀት አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ማንም ያልጠየቃቸው እናቶች «በቂ አገልግሎት እናገኛለን» እንዳሉ ተቆጥሮ ሪፖርት ይወጣ ነበር። የጤና ጣቢያውም መድኃኒት እንደቀነሰ ይቀጥል ነበር። በወረቀት ላይ የሚዋሽ ሰው ፊቱን ያላየውን ታካሚ ነው የሚጎዳው። እባካችሁ ልጆቼ፣ በዚህ አትደራደሩ። የናሙናችሁ ቁጥር ቢያንስ ይነስ። አማካሪያችሁ ቢቆጣም ይቆጣ። ፒ ቫልዩው፣ ማለትም ውጤቱ የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን ለመገመት የሚረዳው ቁጥር፣ ባያምርም እንዳለ ጻፉት።

ፈቃድ መጠየቅንም አቅልላችሁ አትዩት። ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚያክመውን ሰው «እምቢ» ማለት ለአንድ ገበሬ ቀላል አይደለም። «እናንተ ካላችሁ ይሁን» ይላል፤ አውራ ጣቱን ያቀርባል። ይሄ አክብሮት ነው፤ ሁልጊዜ ፈቃድ ላይሆን ይችላል። ከተቻለ የሚያክመው ሰው አይጠይቀው። ተቀመጡ፤ ቁመታችሁ ከአልጋው በላይ አይሁን። «እምቢ ቢሉም ህክምናዎ አይጓደልም» በሉ፤ እማማ፣ አባባ ብላችሁ፣ በራሳቸው ቋንቋ። የገባቸውን መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ከቤተሰብ ጋር ልማከር ካሉ ነገ ተመለሱ።

ስለ ህትመት ብዙ አልልም። ገንዘብ ተቀብለው በጥቂት ቀን ያለ ምንም ግምገማ የሚያወጡ መጽሔቶች ኢሜይላችሁን ያጨናንቁታል። አትመልሱላቸው። ደረጃ እድገት ጥሩ ነገር ነው፤ ቤተሰብ ታስተዳድራላችሁና አልነቅፍም። ግን በዚያ መንገድ የወጣን ጽሁፍ አምኖ ታካሚ የሚያክም ሀኪም ሊኖር ይችላል።

የመጨረሻው ውጤቱን ስለመመለስ ነው። ብዙ ሰው ቤቱን ከፍቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ያላወራውን ምስጢር አውርቶን፣ ከዚያ በኋላ ድምጻችንን አይሰማም። ቀጣዩ አጥኚ ሲመጣ «ያኔም ጽፈው ሄደዋል» ቢል ምን ይፈረድበታል? ፕሮፖዛል ስትጽፉ በበጀት ሰንጠረዡ ላይ፣ ከአበልና ከነዳጅ ቀጥሎ፣ ለመመለሻ ጉዞ አንድ መስመር አስገቡ። ስፖንሰሩ ከሰረዘው ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ያለ ስታቲስቲክስ ጻፉት። ለጤና ጣቢያው ኃላፊና ለጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ ላኩት። ከዚያ ለእሷ ደውሉላት፤ ሰዉ ምን እንዳለ ጠይቋት፤ ያሏትንም ጻፉ።