መልስ፦ ከሲያትል ሆኖ በውጭ ድረ ገጽ ፖከር መጫወት

ወንድሜ፣ ከላስ ቬጋስ ወደ ሲያትል ከተዛወርክ ወዲህ የፖከር መተግበሪያህ እምቢ እንዳለህና በውጭ ድረ ገጽ ለመቀጠል እንዳሰብክ ጽፈሃል። እባክህ ተው።

መተግበሪያው መጀመሪያ ያለህበትን ቦታ ነው የሚያጣራው። ላስ ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት የኢንተርኔት ፖከርን ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈቅዳለች። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ግን አልፈቀደችም፤ እንዲያውም በ2006 ባወጣችው ሕግ በኢንተርኔት መቆመር በከባድ ወንጀል ያስጠይቃል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ገንዘብህ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ሕግ ያነጣጠረው ተጫዋቹ ላይ ሳይሆን ክፍያው ላይ ነበር። ግን ማን ተጎዳ? ኤፕሪል 15 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ትልልቅ የውጭ የፖከር ድረ ገጾች የነበሩትን የፖከርስታርስን፣ የፉል ቲልትንና የአብሶሉት ፖከርን ባለቤቶች ከሰሰ፤ ድረ ገጾቻቸውም ተያዙ። ፖከርስታርስ የአሜሪካ ደንበኞቹን ገንዘብ ቶሎ መለሰ። ፉል ቲልት ግን የተጫዋቾቹን ገንዘብ ለብቻው አላስቀመጠውም ነበርና ካዝናው ጎድሎ ተገኘ። ምንም ያልተከሰሱ ሰዎች ገንዘባቸው መመለስ የጀመረው በ2014 ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

ፈቃድ የሌለው ድረ ገጽ ገንዘብህን ቢከለክልህ ለማን አቤት ትላለህ? ቪፒኤን (ያለህበትን ቦታ የሚደብቅ ፕሮግራም) ያድነኛል ብለህም አትታለል፤ ስታሸንፍ መታወቂያና አድራሻ ይጠይቁሃል፣ ያኔ ሒሳብህን ይዘጉታል።

መጫወት ካለብህ፣ እዚያው ሲያትል አካባቢ ፈቃድ ያላቸው የካርታ መጫወቻ ቤቶችና የነባር ሕዝቦች ካሲኖዎች አሉ። በአካል ሄደህ ተጫወት።