የኮምፒውተር ስፒከር ልገዛ ነው፤ የትኛውን?

በዚህ ወር ስለ ስፒከር የደረሱን ጥያቄዎች በርከት ያሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ)፦ የምተዳደረው የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግሁ ነው። እስካሁን የምሠራው በሁለት ትንንሽ ስፒከርና መሬት ላይ በሚቀመጥ አንድ ዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ነው። እኔ ጋ ጥሩ የነበረው ድምፅ ደንበኛው ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት የሽማግሌዎቹ ምርቃት በዘፈን ይዋጣል። አሁን ገንዘብ አጠራቅሜ ባለ 8 ኢንች፣ 1000 ዋት የተጻፈበት ጥንድ አግኝቻለሁ። ክፍሌ 3 በ4 ሜትር የሆነ ብሎኬት ቤት ነው፤ ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቷል። ልግዛው?

መልስ፦ አይግዙት። ገንዘቡ ሳይሆን ክፍሉ ነው የማይችለው።

በትይዩ ግድግዳዎች መካከል ቤዝ ሲመላለስ የተወሰኑ ድምፆች ከልክ በላይ ያብጣሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ማስላት ቀላል ነው፦ 343ን (ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው ሜትር ነው) ለርዝመቱ እጥፍ ያካፍሉ። የእርስዎ 4 ሜትር 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት)፣ 3 ሜትሩ ደግሞ 57 ኸርዝ ይሰጣል። ባለ 8 ኢንች ዉፈር እነዚህን ሁለቱንም በኃይል ይቀሰቅሳቸዋል፤ ብሎኬትና ሴራሚክ ደግሞ ቤዝ አይውጡም። እርስዎ ጋ ከበሮው ሲያጓራ ቤዙን ይቀንሳሉ፣ ደንበኛው ቤት ሲደርስ ሙዚቃው ሥጋ የሌለው አጥንት ይሆናል። ባለ 5 ኢንች ስፒከር ከ45 እስከ 55 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል፤ ለዚህ ክፍል ይበቃል። 4 ኢንችም ቢሆን አያሳፍርም።

ምርቃቱ የሚዋጠው ግን በሌላ ምክንያት ነው። በርካሽ ባለ ዉፈር ስብስብ ላይ፣ በትንንሾቹ ስፒከሮችና በዉፈሩ መካከል ባለው ክፍተት የወንድ ድምፅ ደረት ይጎድላል፤ ላይኛው ጥርት ያለ ድምፅ ደግሞ ሆን ተብሎ ከፍ ስለሚደረግ ንግግሩ የሚሰማ ይመስላል። ሳያውቁት የንግግሩን መጠን ዝቅ አድርገው ይጨርሳሉ።

ስለ ዋት ደግሞ፦ ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ16 ዋት 97 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ያ ደግሞ ጆሮ ላይ መጮህ ነው። ኤዲት የሚደረገው ከ75 እስከ 80 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈ 1000 ዋት ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚለካ፣ ወይም ጨርሶ ያልተለካ ቁጥር ነው። «አርኤምኤስ» (ሳይቋረጥ የሚሰጠው ኃይል) ተብሎ ለዉፈሩና ለትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) ለየብቻ የተጻፈውን ይፈልጉ። ለምሳሌ ያማሃ ኤችኤስ 5 ለዉፈሩ 45፣ ለትዊተሩ 25 ዋት ነው፤ በዚህ ብዙ ስቱዲዮ ይሠራል።

ለእርስዎ ሥራ የምንመርጠው አምፕሊፋየሩ ውስጡ የተገጠመለትን ሞኒተር ስፒከር (ድምፁን ሳያስጌጥ እንዳለ የሚያሰማ) ነው። አቅም ካለ ጄኔሌክ 8020 ወይም ኖይማን ኬኤች 80፤ ሁለቱም ባለ 4 ኢንች ናቸው፣ ሁለቱም ንግግር ላይ ርኅራኄ የላቸውም። ጄኔሌኩ በአሉሚኒየም ሣጥን የተሠራ ሲሆን ከሥሩ ያለው የጎማ መቀመጫ ወደ ላይ ያዘነብላል። የኖይማኑ የአየር ቀዳዳ ከፊት ስለሆነ ግድግዳ ለተጠጋ ጠረጴዛ ይመቻል። ዋጋው ከከበደ ኤችኤስ 5 ወይም ካሊ ኤልፒ-6 ይበቃል። ካሊው 6.5 ኢንች ቢሆንም ከኋላው የተቀመጠበትን ቦታ (ግድግዳ ጥግ፣ ጠረጴዛ ላይ) የሚያስተካክሉ ትንንሽ ማብሪያዎች አሉት።

አሁን ወደ አቀማመጥ እንምጣ፤ የገንዘቡ ግማሽ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላትዎ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፦ በስፒከሮቹ መካከል 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከእያንዳንዱ እስከ ጆሮም 90። ትዊተሩ በጆሮ ቁመት ይሁን። ጠረጴዛው የተጠጋው 4 ሜትሩን ግድግዳ ከሆነ አንሥተው በ3 ሜትሩ ግድግዳ መሃል ያድርጉት፤ ከጀርባዎ የሚቀረው ቦታ ይረዝማል። ጥግ ላይ አያስጠጉ።

የጠረጴዛው ገጽ ራሱ ችግር ነው። ትዊተሩ ከጠረጴዛው 25፣ ጆሮዎ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢሉ፣ አግድም ርቀቱም 80 ቢሆን፣ ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ 81 ገደማ ሲጓዝ ጠረጴዛ ነክቶ የሚመጣው 100 ይጓዛል። በ19 ሳንቲ ሜትር የዘገየው ድምፅ 880 ኸርዝ አካባቢ ካለው ጋር ይጠፋፋል፤ እዚያው ንግግሩ መሃል ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል ማለት ነው። ጋቢ ቢያነጥፉበት ምንም አይፈይድም፣ ለዚህ ድምፅ በጣም ስስ ነው። መፍትሔው ትንሽ መስታወት ነው። ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ ያንሸራት፤ ትዊተሩ የሚታይበት ነጥብ ድምፁ የሚነጥርበት ነው። በዚህ ምሳሌ ነጥቡ ከስፒከሩ 33 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ያ ቦታ ባዶ አየር እንዲሆን ያድርጉ፦ ስፒከሮቹን ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ መሬት ላይ በቆመ ማስቀመጫ ያቁሙ፣ ወይም ጠባብ ጠረጴዛ ያሠሩ። ማስቀመጫው ብሎኬት ደርድሮ ከላይ ጠጣር ስፖንጅ ማድረግም ሊሆን ይችላል፤ አያምርም እንጂ ይሠራል።

ከግድግዳው ርቀትም እንዲሁ ይሰላል፦ 343ን ለርቀቱ አራት እጥፍ ያካፍሉ። የስፒከሩ ፊት ከግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ 143 ኸርዝ ላይ ጉድጓድ ይመጣል፤ በ30 ሲሆን 286 ላይ። ስለዚህ ግማሽ መንገድ ላይ ከመቆም ይልቅ በጣም ማስጠጋትና ቤዙን ከኋላ ባለው ማብሪያ መቀነስ ይሻላል። ኤችኤስ 5 ላይ «ሩም ኮንትሮል» የሚለውን 2 ወይም 4 ዴሲቤል ወደ ታች ያድርጉት። ቀዳዳው ከኋላ ከሆነ ግን ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይተዉለት።

የመጨረሻው ኮርኒሱ ነው። ከ30 እስከ 200 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ ዝቅ አድርገው ያጫውቱና ክፍሉ ውስጥ ይዙሩ። የሚንቀጠቀጥ የኮርኒስ ልስን፣ የላላ የመስኮት መስታወት፣ የመሳቢያ እጀታ ይገኛል። «ስፒከሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ ሻጩ ከሚመለሰው ጥቂት የማይባለው ይኸው ነው።

ጥያቄ (ከፔዳ አካባቢ፣ ተማሪ)፦ ያገለገሉ ሞኒተሮች ገዛሁ። ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በአንድ ገመድ አገናኘሁት። ሙዚቃው ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን የለም! ቻርጀሩን ስሰካ ደግሞ «ዝዝዝ» ይላል።

መልስ፦ ስፒከሮቹ ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ የገመዱ ነው። የጃኩን ጫፍ ተመልከት፦ ሁለት ጥቁር ቀለበት ካለው ሦስት መስመር ይይዛል። ላፕቶፑ በነዚያ መስመሮች ግራና ቀኝ ይልካል፤ ሞኒተሩ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ድምፅ ግልባጭ ቆጥሮ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። የዘፋኙ ድምፅ በግራም በቀኝም እኩል ስለሆነ ሲቀናነስ ዜሮ ይሆናል። የቀረልህ ማሚቶውና ጎን ለጎን የተቀመጡት መሣሪያዎች ናቸው። የሚያስፈልግህ በአንድ በኩል 3.5 ሚሊ ሜትር ስቴሪዮ ጃክ፣ በሌላው በኩል ለሁለት የተከፈለ፣ እያንዳንዱ አንድ ጥቁር ቀለበት ብቻ ያለው 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ የሆነ ገመድ ነው። አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ።

ለጩኸቱ መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀለው። ከጠፋ፣ ጩኸቱ የሚገባው በቻርጀሩና በስፒከሮቹ የመሬት መስመር (ኧርዝ) መካከል ነው። ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካ። ካልተሻለ የተመጣጠነ መውጫ (ድምፁን ከግልባጩ ጋር የሚልክ) ያለው የውጭ ሳውንድ ካርድ ያስፈልጋል (ለምሳሌ ፎከስራይት ስካርሌት ቱአይቱ)፤ ባለ ሁለት ቀለበቱ ጃክ ትክክለኛ ቦታው እዚያ ነው። ከዚያ የላፕቶፑን ድምፅ ወደ ላይ፣ የስፒከሩን ቁልፍ ወደ ግማሽ አድርግ። በተቃራኒው ብታደርገው የስፒከሩን የራሱን «ሽሽሽ» አጉልተህ ታዳምጣለህ።

የመሬት እግሩን ከሶኬቱ ቆርጬ ጩኸቱን አጠፋሁ የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አትስማው። ብረቱን ስትነካው የሚነዝርህ ከሆነ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም ማለት ነውና ለአከራይህ ንገር።

ጥያቄ (ከፋሲሎ)፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ስፒከር ይዞልኝ ሊመጣ ነው። እዚህ ይሠራል? መብራት መጥፋት መምጣቱስ አይጎዳውም?

መልስ፦ ከመግዛቱ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። «100-240» ካለ የሶኬት ጫፍ መቀየር ብቻ ነው። «120» ብቻ ካለ እኛ ጋ ያለው 220 ቮልት ያቃጥለዋል፤ መቀነሻ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ አቅሙም ስፒከሮቹ ከሚስቡት እጥፍ ይሁን። በ60 ኸርዝ ብቻ እንዲሠራ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ይግላል። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለውን ባያመጣው ይሻላል። «115/230» የሚል መቀየሪያ ካለው ገመዱ ተነቅሎ ይቀየር፣ ፊውዙም በመመሪያው መሠረት ይለወጥ።

መብራት ሲጠፋ ስፒከሩን ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ከተመለሰ በኋላ 5 ደቂቃ ይታገሡ። ስታብላይዘር ጥሩ ነው። ርካሽ ዩፒኤስ ግን በባትሪ ሲሠራ የሚሰጠው ኮረንቲ ጥርስ ያለው ስለሆነ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው ስፒከር ያንጎራጉራል። ለኮምፒውተሩ ያድርጉት፤ ስፒከሩ ይጥፋ።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ የኛ ቤት ሐይቁ አጠገብ ነው፣ ክረምት ላይ ሁሉም ነገር ይሻግታል። ውድ ስፒከር ይቆይልኛል?

መልስ፦ የዉፈሩ ጠርዝ ጎማ የሆነውን ይምረጡ። ስፖንጅ መሳይ የሆነው በእርጥበት እየበሰበሰ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ያገለገለ ሲገዙም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ በላስቲክ አይጠቅልሉት፤ እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል። ጨርቅ ይበቃል። በረሮና ሸረሪት በአየር ቀዳዳው እንዳይገቡ፣ የማይጠቀሙበት ጊዜ ንጹሕ ካልሲ ይወትፉበትና ሲከፍቱ ያውጡት። በጀልባ ሲያጓጉዙት የትዊተሩን ጉልላት ማንም በጣቱ እንዳይጫን።

ጥያቄ (ከሽምብጥ፣ ጡረተኛ መምህር)፦ በኮምፒውተሬ የማዳምጠው በገናና የድሮ ዜማ ነው፣ ከዩቲዩብ። ልጆቼ ጥሩ ስፒከር እንግዛልዎ ብለዋል። ሻጩ ደግሞ ያለ ውድ መቀየሪያ (የኮምፒውተሩን ዲጂታል ወደ ድምፅ የሚለውጥ ዕቃ፣ ዲኤሲ) ዋጋ የለውም ይላል።

መልስ፦ ጋሼ፣ መቀየሪያው ይቅር። ዩቲዩብ ድምፁን ሲጨምቀው የጣለውን የትኛውም ዕቃ አይመልሰውም፤ ያ ገንዘብ ስፒከሩ ላይ ይዋል። ለእርስዎ የምንመክረው ትዊተሩ በዉፈሩ መሃል የተቀመጠለትን ዓይነት ነው፤ ዝቅና ከፍ ያለው ድምፅ ከአንድ ነጥብ ስለሚወጣ ቅርብ ለተቀመጠ ሰው ይስማማል። ኬፍ ኤልኤስኤክስ 2 እንዲህ ነው፤ በዩኤስቢ ሲ ገመድ ቀጥታ ከኮምፒውተሩ ይገናኛል።

ሱቅ ሲሄዱ የሻጩን ዘፈን አይስሙ፣ የራስዎን በገና ይዘው ይሂዱ። የበገና ድምፅ የሚነዝረው በአውታሩና በድልድዩ መካከል በገባችው የቆዳ ቁራጭ፣ በእንዝራዋ ነው። ጥሩ ስፒከር ላይ ንዝረቱ ከእያንዳንዱ አውታር ጋር አብሮ ይወለዳል፣ ከአሥሩ የትኛው እንደተመታ ይለያል። መጥፎው ላይ ሁሉም አንድ ጉርምርምታ ይሆናል፣ ወይም ንዝረቱ ከዜማው ተነጥሎ እንደ ንብ ከላይ ይንሳፈፋል። ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ሰው ሲያወራ በሚሰማበት መጠን ይሞክሩት፤ ጮክ ሲል ሁሉም ያምራል። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው በገና ደርዳሪው የት እንደተቀመጠ በጣት ያመልክቱ። ጣትዎ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል ካረፈ ልጆችዎ ይክፈሉ።